ባርኔጣው ካልተነሣ

በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች እንደ እትዬ አምፖል የውበት ሳሎን የሚያበራ የለም። መስታወቱ ዙሪያውን በአምፖል ተከቧል፤ ጣሪያው አምፖል ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ላይ ሳይቀር ምን እንደሚያበራ የማይታወቅ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ሁሉም ቀላ፣ ለስለስ ብለው የሚያበሩ ናቸው። እነሱ ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያምራል። ታሞ የከረመ ሰው እንኳ ቢቀመጥ ሙሽራ ይመስላል። ችግሩ ሰው ከመስታወቱ ፊት ተነሥቶ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት፤ መንገድ ላይ ደግሞ እትዬ አምፖል ያልሰቀለቻት አንዲት መብራት አለች፤ ፀሐይ።

ፀሐይ ይሉኝታ የላትም። አምፖል ሥር ጽጌረዳ የነበረው ጉንጭ ከደጃፉ ወጣ ሲል አመድ ይሆናል። አንገት የራሱን ቀለም እንደያዘ ይቀራል። ፊትና አንገት ከተለያየ አገር መጥተው አንድ ትከሻ ላይ የተገናኙ እንግዶች ይመስላሉ። ሰፊው የሴቶች ሕዝብ ይህን ግፍ ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ፈገግ ብሎ ሲሸከም ኖረ። እትዬ አምፖልም «ደንበኛዬ ከፍቶት ወጥቶ አያውቅም» ትላለች። እውነቷን ነው። የሚከፋው ከወጣ በኋላ ነው።

በዚያ ሳሎን ውስጥ ለፀሐይ የወገነች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሥራዋ ሜካፕ ነው። ደንበኞቹ ስሟን ጠይቀው አያውቁም፤ «ባለምልክቷ» ይሏታል። ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነሥቶ ጉንጯን አቋርጦ እስከ አገጯ ጥግ የሚወርድ፣ ቀይ ወይን የፈሰሰበት የመሰለ ምልክት አላት። እንዲህ ያለ ምልክት ይዞ የተወለደን ሰው «ማርያም ስማው ነው» ይሉታል። ባለምልክቷን ስትስም ግን ማርያም አልቸኮለችም።

የዚህች ሴት አሠራር እትዬ አምፖልን ሲያሳብዳት ይውላል። ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ ወንበሩን እየጎተተች ደጃፉ ላይ ታወጣዋለች። ፊቷን አስታጥባ፣ ቅባት አስነክታ፣ ቅባቱ እስኪገባ ድረስ ወሬ ታስወራታለች። ከዚያ ፋውንዴሽኑን ከጥቂት ቀለሞች እየቀላቀለች በእጇ ጀርባ ላይ ታሞቀዋለች። ቀለሙን የምትሞክረው አገጭና አንገት ከሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ቀብታም ወዲያው አትፈርድም። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራልና ትጠብቃለች። ቆዳው ውስጥ ጠፍቶ ከቀረ ያ ቀለም የዚያች ሴት ነው። ከዚያ በረጠበ ስፖንጅ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ከአፍንጫው ዳርና ዳር ጀምራ ወደ ውጭ መታ መታ ታደርገዋለች። ታሻለች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያሸ ሰው ካየች ወጥ ያማሰለ እንጂ ፊት የሠራ አይመስላትም። ጤነኛ ቆዳ ካለበት ላይ ምንም አትጨምርም። «እዚህ ጋ እግዜር ጨርሶታል» ብላ ታልፈዋለች።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዋናው ፍርድ ይመጣል። ፈራጁ ከመንገዱ ማዶ ያለው የፋርማሲ ዘበኛ ነው፤ ጋሼ ባርኔጣ። ዓይናቸው ጉደኛ ነው። ጋዜጣ ሲያነቡ ክንዳቸው አጥሮባቸው ይናደዳሉ፤ ከመንገድ ማዶ ግን የዝንብ ቅንድብ ይለያሉ። ነገሩ የተጀመረው አንድ ቀን ባለምልክቷ ደንበኛዋን ደጃፍ ላይ አቁማ በቀልድ ስትጠይቃቸው ነው።

«ጋሼ! ይቺን ልጅ ቀባኋት፣ አልቀባኋትም?»

«ምነው፣ አሟታል እንዴ?» አሉ ከዚያ ማዶ።

ባለምልክቷ ሳቀች፤ ደንበኛዋ አልሳቀችም። ፊቷ ተጠርጎ እንደገና ተሠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕጉ ጸና። ደንበኛዋ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፤ ቀለም ከታያቸው ጋሼ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ባርኔጣው ካልተነሣ ሥራው አልቋል።

ይህችን ሴት ለማወቅ ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እናቷ ክፉ አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ፎቶ አንሺ በመጣ ቁጥር «ወደ ግድግዳው ዞር በይ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል። በቤታቸው አልበም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ካሜራውን ያያል፤ እሷ ብቻ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የምታነብ ትመስላለች። ጉርምስና ሲመጣ የአክስቷን ፋውንዴሽን ሰረቀች። አክስቷ ቀይ ናቸው፤ እሷ ጠይም ናት። ተከራይ ሊያስገባ የቸኮለ አከራይ እንዳስለሰነው ግድግዳ ሆና ትምህርት ቤት ገባች። የሳቁባትን ነገር መድገም አያስፈልግም፤ የልጆች አፍ የትም አንድ ነው።

እልኸኛ ስለነበረች ግን አልተወችውም። ስትቀባ፣ ስትጠርግ፣ ስትቀባ ምልክቱን ዱካው እስኪጠፋ ድረስ መሸፈን ቻለች። የተቀባች መሆኗንም የሚያውቅ ጠፋ። እንደዚያ ሆና ዓመታት ኖረች፤ እንደዚያ ሆና እጮኛ አገኘች። የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ከንፁሕ ሸሚዙ በቀር ብዙ የሚወራለት ሰው አይደለም። አንድ ቀን ቤቷ ተቀምጦ እያያት እንዲህ አላት፦

«አንቺ ላይ ደስ የሚለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንደ ሌሎቹ ፊትሽን የማትቀቢ መሆንሽ።»

አንድ ባለሙያ ከዚህ በላይ ምስጋና አይሰማም። ባለምልክቷ ተነሣች፤ ፊቷን በሳሙና ታጠበች፤ ፎጣዋን ይዛ ተመልሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሰውየው ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። ቀጠሮው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ያ ጉንጭ ቀለም አልነካውም። የሌላውን ሰው ቡግር፣ ማድያት፣ የዓይን ሥር ጥቁረት ታለሳልሳለች፤ የራሷን ፊት እንዳለ ይዛ ትዞራለች። አዲስ ደንበኛ አንዳንዴ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ምነው የራስሽን ሳትሸፍኚ?» ትላታለች። መልሷ አንድ ነው፦ «የኔ አላስቸገረኝም። አንቺ የመጣሽው ለየትኛው ፊት ነው?»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ተደላድሎ ሳለ ወኪሉ መጣ። የመዋቢያ አስመጪ ድርጅት ሻጭ ነው። ጫማው ሹል ከመሆኑ የተነሣ እሱ ገና ውጭ እያለ ጫማው ሳሎን ውስጥ ገብቷል። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አሳረፈና አንዲት ጠርሙስ እንደ ጽዋ ከፍ አድርጎ ያዘ።

«እትዬ፣ ቀለም መምረጥ ቀረ። ይሄ ለሁሉም ፊት ነው። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ቀለም።»

«የየትኛው ፊት ቀለም ነው?» አለች ባለምልክቷ ስፖንጅ እያጠበች።

«አልኩሽ እኮ፤ የሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።»

ወኪሉ ሊመልስላት ዞር ሲል ምልክቱን አየ። ነገረኛ ፊቱ በራ። እትዬ አምፖልን ወደ ጥግ ወሰዳት፤ ተንሾካሾኩ። ሹክሹክታቸው እጅ መታጠቢያው ድረስ ይሰማል። ድርጅቱ ለሳሎኑ አዲስ ታፔላ ይሰቅላል፤ መስኮቱ ላይም ትልቅ ፖስተር ይለጠፋል። በግራ በኩል ባለምልክቷ ከነምልክቷ፣ ከሥሩ «በፊት» የሚል ጽሑፍ። በቀኝ በኩል ባለምልክቷ ምልክቱ ጠፍቶ፣ ከሥሩ «በኋላ»። አቤት ሥልጣኔ! የሰውን ሕይወት ሙሉውን «በፊት» ብሎ በአንድ ጠርሙስ የሚዘጋ ፍልስፍና!

እትዬ አምፖል ነገሩን እንደ ሹመት አድርጋ ነገረቻት።

«አንድ ፎቶ ነው፤ ምን አለበት? ከዚያ በኋላ ግን ሸፍነሽ ነው የምትሠሪው። ሰው ፖስተሩን አይቶ ሲገባ ያው ምልክት ቢቀበለው ምን ይለኛል?»

«እምቢ ብልስ፣ እትዬ?»

«እምቢ ካልሽማ ወንበሩን ልቀቂ። ሳሎኑ የኔ ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። ወይ ፊቷን ትሸፍናለች፣ ወይ ወንበሯን ታጣለች። ወንበሩ ደግሞ የሷና የእናቷ እንጀራ ነው። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናት ሽንኩርት እየላጡ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ሸፍኚው፣ ልጄ። ምን ይጎዳሻል? ድሮም የደበቅኩሽ እኮ ጠልቼሽ አይደለም። ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

«አልሳቁም እንዴ፣ እማዬ?»

እናት ሽንኩርቱን አንሥተው ትንሽ አገላበጡት። «ስቀዋል» አሉ።

የፎቶው ቀን ፎቶ አንሺው ዣንጥላውን፣ መብራቱን፣ ገመዱን ዘርግቶ ሳሎኑን ወጥመድ አስመሰለው። ባለምልክቷን አስቀመጣት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስያዛት፤ መብራቱን ምልክቱ ላይ ደቀነው።

«አሁን ትንሽ ከፋ ይበልሽ» አላት።

«በምን?»

«በምልክቱ ነዋ።»

«እሱ አልከፋኝም።»

«እንደከፋሽ ሁኚ እንጂ፣ እህቴ! ‹በፊት› እኮ ነው። ሳቁ ‹በኋላ› ላይ ነው ያለው።»

«እናትሽ የሞተች ቀን የሚሰማሽን አስቢ» አለች እትዬ አምፖል፤ ማገዟ ነው።

«እናቴ ቤት ናት፤ ምሳዋን እየበላች ነው።»

የሳሎኑ ፀጉር ሠሪ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ካስቀመጠቻት ደንበኛ ጋር አብረው በሳቅ ፈረሱ። ወኪሉ አልሳቀም። «ጊዜ የለንም፤ ቶሎ እዘኚልን» አለ። ባለምልክቷ ይህን ስትሰማ ከወንበሩ ተነሣች።

«ስማ፣ ወንድሜ» አለችው። «ይሄ ፊት ሥራ የሠራሁበት፣ የሣቅኩበት፣ እናቴን ያኖርኩበት ፊት ነው። እኔ የማንም ‹በፊት› አይደለሁም።»

ከዚያ ጠርሙሱን ከፈተች። ጣቷን አስነካችና ወኪሉ ምን ሊመጣ እንደሆነ ሳያውቅ አገጩ ሥር ረጅም መስመር ቀባችው።

«ምን እያደረግሽ ነው!»

«ለሁሉም ፊት አላልክም?»

ክንዱን ይዛ ደጃፉ ላይ አወጣችው፤ ወደ ማዶ ተጣራች። «ጋሼ! እንዴት ነው?»

ጋሼ ባርኔጣ ከበርጩማቸው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው።

ባለምልክቷ ስፖንጆቿን፣ ብሩሾቿንና ጠርሙሶቿን በቦርሳ ጠቅልላ ወጣች። ወንበሩ ብቻ የእትዬ አምፖል ነበርና ቀረ።

የምትሄድበት ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱን ነው የተሻገረችው። የፋርማሲው ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ «ከታዛው ሥር ሆነሽ ሥሪ፤ በሩን አትዝጊብኝ እንጂ» አለቻት። ባለምልክቷ በርጩማ አስቀመጠች፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ተሻግራ መጣች፤ ፊቷ ተሠራ፤ ፍርድ ተጠየቀ።

«ጋሼ፣ እንዴት ናት?»

«ማን?»

«ይቺ ልጅ።»

«የት አለች?» አሉ ጋሼ። ልጅቱ ከአፍንጫቸው ሥር ተቀምጣለች።

ጉድ ፈላ። ከማዶ የዝንብ ቅንድብ የሚያዩት ዓይኖች እዚህ ቅርብ ለቅርብ ሰውን ከምሰሶ አይለዩም። ጋሼ ዓይናቸውን አሹ፤ ራቅ አሉ፤ አሁንም ራቅ አሉ፤ መኪና አሳለፉና ተሻገሩ። ቦታቸውን ያገኙት የእትዬ አምፖል ሳሎን ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው። ከዚያ ልጅቱን አዩ፤ ባርኔጣው አልተነሣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን ወደዚያው አዛወሩ። እትዬ አምፖል ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ፋርማሲዬን እየጠበቅኩ።»

«ፋርማሲው እዚያ ነው እኮ!»

«እሱማ እዚያ ነው። ከዚህ ግን ጥሩ አድርጎ ይታየኛል።»

የእግረኛ መንገድ የማንም አይደለምና ልታባርራቸው አልቻለችም። የፋርማሲዋ ባለቤትም ብትጠየቅ «ሌባ ከመጣ ከሩቅ ያዩታል» ብላ ሳቀች።

ፖስተሩ ግን አልቀረም። ባለምልክቷ እምቢ ስትል ወኪሉ ፀጉር ሠሪዋን አስቀመጣትና በቅንድብ እርሳስ ጉንጯ ላይ ምልክት ሣለባት። ምስኪኗ እንደታዘዘችው አዝና «በፊት» ሆነች፤ ሥዕሉ ተጠርጎላት ደስ ብሏት «በኋላ» ሆነች። እውነተኛ ምልክት በጠርሙስ ማጥፋት ሲያቅታቸው፣ በጠርሙስ የሚጠፋ ምልክት ፈበረኩ! ሠፈሩ ሊቀበለው በወደደ ነበር፤ ግን ሠዓሊው ወኪል ምልክቱን የሣለው ቀኝ ጉንጭ ላይ ነው። ሴቶቹ መስኮቱ ጋ እየቆሙ «ምነው፣ ማርያም ዞረች እንዴ?» እያሉ ይሣሣቃሉ። የሩቅ ሰው ልኳት የመጣች ደንበኛም ገብታ «ባለምልክቷ የት ናት?» ትላለች። ፖስተሩን ያሳዩአታል። «ይቺ አይደለችም፤ እውነተኛዋን» ትላለች። ጋሼ ከደረጃው ላይ ሆነው በባርኔጣቸው ወደ ማዶ ይጠቁሟታል።

ሁሉ ነገር ማር ነበር ማለት ግን ውሸት ነው። ነፋስ ሲነሣ አቧራው ከፋውንዴሽኑ ጋር አብሮ ፊት ላይ ይቀመጣል። ስፖንጅ ከእጅ አምልጦ ቦይ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም፤ ባለምልክቷ ታዛው ሥር ኩርምት ብላ የእትዬ አምፖልን አምፖሎች ታያለች። እናቷም እርጥብ ልብሷን እሳት ዳር ሲያሰጡ «እልህ ምሳ አይሆንም፣ ልጄ» ይላሉ። «አውቃለሁ፣ እማዬ» ትላለች፤ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ እዚያው ትሄዳለች።

ወደ ማዶ የሚሻገረው ሰው እየበዛ፣ ሳሎኑ ውስጥ አምፖሎቹ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚተያዩበት ቀን መጣ። ያን ቀን ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ መንገዱን ሞልታው ሳለ፣ እትዬ አምፖል ለብሳ፣ ተጫምታ፣ ከካርቶኑ ለራሷ ጥሩ አድርጋ ተቀብታ ተሻገረች።

«ነይ ግቢ» አለች፤ ሰላምታም የላት። «ፊትሽን እንዳለ ተይው፤ ምንም አልልሽም። ወንበሩን ብቻ ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ከጓዳው በር አጠገብ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። ፀጥ ያለ ነው፤ ለሥራሽም ይመቻል።»

ባለምልክቷ የደንበኛዋን አፍንጫ ዳር መታ መታ ማድረጓን አላቋረጠችም።

«እትዬ፣ ወደ ግድግዳው መዞር በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ።»

«እና ምንድነው የምትፈልጊው?»

«ደጃፉን። ያ ፖስተርም ይነሣ።»

«እኔን ነው የምታዢው? በገዛ ሳሎኔ?» እትዬ አምፖል ደም ሥሯ ተገታተረ፤ ዞራ ወደ መንገዱ ገባች።

መንገዱ መሐል ስትደርስ፣ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ለፀሐይ እንደሰጠች፣ ደረጃዋ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ባርኔጣ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው አነሡ። ሰላምታ መስሏት በቁጣዋ መሐል አንገቷን ነቀነቀች። ባርኔጣው አልወረደም። ከታዛው ሥር ደንበኛዋ ከት ብላ ሳቀች፤ የፋርማሲዋ ባለቤት አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን ሆነዋል፣ ጋሼ?» አለች እትዬ አምፖል እዚያው ቆማ።

«ምንም፣ እትዬ። ታየኝ።»

እጇ ወደ ጉንጯ ሄደ፤ ጣቷን አየችው፤ ከዚያ ወደ አንገቷ ወረደ። አንድ ባለታክሲ ጡሩምባውን ነፋባት። ወደ ሳሎኑ ብትሄድ ጋሼ አሉ፤ ወደዚህ ብትመለስ እነዚህ አሉ።  ተመልሳ መጣችና ደንበኛዋ ስትነሣላት በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

«ጥረጊልኝ» አለች። «ቶሎ በይ፤ የሳሎኑ ልጆች ሳያዩኝ።»

«ቶሎ አይሆንም» አለች ባለምልክቷ። «መጀመሪያ መታጠብ ነው። ከዚያ እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ከዚያ ጋሼ ያዩናል።»

«እሺ።»

«ወንበሩስ?»

እትዬ አምፖል ዓይኗን ጨፈነች፤ ውሃው ሊነካት ስለሆነ ይሁን በሌላ አይታወቅም። «ደጃፉ ላይ ይሁን፤ አትነዝንዢኝ።»

«ፖስተሩስ?»

«አንሺው ብዬሻለሁ! እጠቢኝ እንጂ!»

ታጠበች፤ ተጠበቀ፤ ቀለሟ አገጯ ሥር ተፈለገ። ፊቷ በጥቂቱ ተሠራ፤ የዓይኗ ሥር መስመሮች እንዳሉ ተተዉ። ከታዛው ሥር ወጥታ ቆመች፤ ከጠዋቱ ይልቅ ራሷን ትመስል ነበር። ባርኔጣው አልተነሣም።

በማግስቱ ወንበሩ ደጃፉ ላይ ነበር። የወኪሉ ሙጫ ጠንካራ ስለሆነ ፖስተሩ ሲላጥ «በኋላ» ተነሥታ «በፊት» ግማሽ ፊቷ መስታወቱ ላይ ቀረ፤ ፀጉር ሠሪዋ የራሷን ሐዘን በምላጭ ስትፍቅ ዋለች። ባለምልክቷ ምልክት ያለበትን ጉንጯን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆማ ስፖንጇን ታጥባለች። አንዲት የማትታወቅ ሴት መጥታ «ባለምልክቷ ማን ናት?» አለች።

«አይታይሽም?» አለች። «ተቀመጪ።»

ጋሼ ባርኔጣም ወደ ማዶ፣ ወደ ፋርማሲያቸው ተመልሰዋል። ከሰዓት በኋላ ወኪሉ ሌላ ካርቶን ታቅፎ በዚያ በኩል አለፈ። ወንበሩን ደጃፉ ላይ ሲያይ ጫማውን አዙሮ ሊሄድ ሲል ጋሼ አዩትና ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ጥግ እስኪታጠፍም አላወረዱትም። ያን ቀን ሰውየው ፊቱን ምንም አልተቀባም ነበር።